ምድር የሌለው አውሮፕላን

ለመግደል የተሠራ ዕቃ ውብ ነው ማለት ይቻላልን? ቢቻልስ፣ ውበቱን ያደነቀ ሰው ዕቃው በሚሠራው ሥራ ይጠየቃልን? ጥያቄው አሮጌ ነው፤ ግሪኮችም እኛም በየፊናችን ስንከራከርበት ኖረናል። እኔን አሁን ብዕር ያስነሣኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን፣ እዚህ አሶሳ፣ በአንድ ዶርም መስኮት ላይ የተቀመጠ ስንዝር የሚያህል ብረት ነው።

ብረቱ የሱኮይ 25 ሞዴል ነው። የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። በባሕር ማዶ "ሰብሳቢዎች" የሚባሉ፣ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሰዎች፣ ከመቶ ዶላር በላይ እየከፈሉ የሚገዙት፣ ካርቶኑን ሳይቀር እንደ ቅርስ የሚያስቀምጡት ዕቃ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የዚንክ ቅይጥ ይቀልጥና በግፊት ወደ ብረት ሻጋታ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ወጥቶ ይሞረዳል፤ ይቀባል፤ ቁጥሩና አርማው ይታተምበታል። ልኩ አንድ ለሰባ ሁለት ነው። እውነተኛው አውሮፕላን 15 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ይኸኛው 21 ሴንቲ ሜትር ተኩል። የአብራሪው ክፍል መስታወት ይከፈታል፤ ውስጡ የራስ ቁር ያጠለቀ ሰው ተቀምጧል። ከክንፎቹ ሥር፣ በእያንዳንዱ ጎን አምስት አምስት ማንጠልጠያ አለ፤ ቦምቡንና ሮኬቱን እንደ ፍላጎት መሰካትና መንቀል ይቻላል። ከሥሩም በአየር ላይ ያለ የሚያስመስለው መቆሚያ አለው። ባለቤቱን (በግቢው ውስጥ አሁን "ባለ አውሮፕላኑ" ነው የሚባለው) አጎቱ ከውጭ ሲመጣ አምጥቶለት ነው።

ታዲያ በዚህ ብረት የተነሣ ዶርሙ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን "ኧረ ተዉን! ዕቃ ነው፣ ማየት ነው፣ በቃ" ይላል። ሌላው ወገን "እዚህ አገር፣ ይህን ሁሉ አይተን፣ የቦምብ ጣይ ምስል መስኮት ላይ ይቀመጣል ወይ?" ይላል። የዱሮዎቹ ተማሪዎች ቢሆኑ "የካፒታሊዝም የሸቀጥ አምልኮ" ብለው በሁለት መስመር ይዘጉት ነበር፤ ግን እነሱም ቢሆኑ ይቸገሩ ነበር፤ ይህ አውሮፕላን ትብሊሲ ከተማ በሶሻሊስት ፋብሪካ የተሠራ ነውና።

ከሁሉም ነገር ያሰበኝ ግን የክርክሩ ተካፋይ ያልነበረ አንድ ልጅ የተናገረው ነው። ልጁ ከኩርሙክ ማዶ የመጣ ነው፤ በስደተኛነት ተመዝግቦ ይማራል። ሞዴሉን አንሥቶ፣ ገልብጦ ሆዱን አየ፤ መልሶ ቀና አደረገውና "ጀርባውን ገና ዛሬ ማየቴ ነው" አለ። ከዚያ አስቀመጠው። ሌላ አልተናገረም፤ ወደ ላይብረሪ ሄደ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ባለ አውሮፕላኑ "ያምራል" ሲል አይዋሽም። በእርግጥ ያምራል። ዜኖፎን ስለ ሶቅራጥስ በጻፈው ማስታወሻ ውስጥ ሶቅራጥስ የፋንድያ መሸከሚያ ቅርጫትም ቢሆን ለሥራው በሚገባ ከተሠራ ውብ ነው፣ የወርቅ ጋሻም ቢሆን ለሥራው ካልተመቸ አስቀያሚ ነው ይላል። እኔ ይህን አባባል እወደዋለሁ፤ ማጭድ፣ ምጣድ፣ መሰቅሰቂያ፣ ሁሉም በዚህ ሚዛን ውብ ናቸው። ሱኮይ 25ም በዚሁ ሚዛን ውብ ነው። ሁለቱ ሞተሮቹ ከገላው ግራና ቀኝ ተራርቀው የተቀመጡት አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ክንፉ እንደ ፈጣኖቹ ሚጎች ወደ ኋላ ያልተሰበረው ዝቅ ብሎ፣ ዝግ ብሎ እንዲበር ነው። አብራሪው የሚቀመጠው ከታይታኒየም በተሠራ፣ ገንዳ በሚመስል ክፍል ውስጥ ነው፤ ከምድር የሚተኮስ ጥይት እንዳያገኘው። ከአፍንጫው ሥር 30 ሚሊ ሜትር መድፍ አለው። አሜሪካኖችም ኤ 10 የሚባል የዚሁ ዓይነት አላቸው፤ እሱንም ገንዳው ከነታይታኒየሙ፣ መድፉ ደግሞ ሰባት አፈሙዝ ያለው ሆኖ እናገኘዋለን። በቅጽል ስሙ "ከርከሮ" ነው የሚሉት። ሩሲያውያን የእነሱን "ግራች" ይሉታል፤ ግራች የቁራ ዘመድ የሆነ፣ ገበሬ ሲያርስ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ትል የሚለቅም ወፍ ነው። ስም አወጣጡን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ከመሬት የማያነሡ ፍጡሮች ናቸው።

እንግዲህ የሶቅራጥስን ሚዛን የተቀበለ ሰው እስከ መጨረሻው ሊሄድበት ይገባል ባይ ነኝ። ክንፉ ለምን እንዲህ ሆነ? ዝግ ብሎ እንዲበር። ለምን ዝግ ይላል? ታች ያለውን አይቶ እንዲመታ። ገንዳው ለምን አስፈለገ? ታች ያለው መልሶ ቢተኩስ አብራሪው እንዳይጎዳ። ታች ያለውስ ማነው? እዚህ ላይ ሞዴሉ ጸጥ ይላል። እያንዳንዷ ምስማር በልኳ ተቀርጻለች፤ ቀለሙ እንኳ ፀሐይ የመታው እንዲመስል ተደርጓል፤ ስለ ሥራው ግን አንድም ነገር የለም። ለምድር ሲባል የተሠራ አውሮፕላን ያለ ምድር ይሸጣል። ቅርጹን የወለደው ምድሩ ሆኖ ሳለ፣ ምድሩን ቆርጦ ቅርጹን ብቻ "ውብ" ማለት በቅርጫቱ ምሳሌ ስንሄድ ፋንድያ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም እንደ ማለት ነው።

"ጦርና ጋሻስ?" የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ጎራዴ ተሰቅሎ የለም ወይ? የአድዋ ዕለት ልጆቻችን የእንጨት ጦር ይዘው አይፎክሩም ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ "የዱሮው ጦርነት የጀግንነት ነበር፤ ፊት ለፊት ነበር" ብሎ ያመልጣል። እኔ በዚህ በር አልወጣም። ጦርና ጎራዴ ምን እንደ ሠራ ቤኒሻንጉል ያውቃል፤ በዚህ ምድር የባሪያ ፈንጋይ መንደር ሲከብ የያዘው ታይታኒየም አልነበረም። ስለዚህ መሣሪያው አሮጌ ስለሆነ ንጹሕ፣ አዲስ ስለሆነ ርኩስ አይሆንም። ልዩነቱ ሌላ ይመስለኛል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጎራዴ ወሬ አለው። "የማን ነው?" ብለህ ስትጠይቅ አያትህ የማን እንደ ነበረ፣ የት እንደ ወደቀ፣ በማን ላይ እንደ ተመዘዘ ይነግሩሃል፤ አንዳንዴም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነግሩሃል። ሞዴሉም ወሬ አለው፣ ግን የአንድ ወገን ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች የሚወዱት እኮ ዝም ብሎ ኤ 10ን አይደለም፤ በ1991 እ.ኤ.አ. የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የዘመተውን፣ የእገሌ ክፍል የሆነውን፣ የጅራት ቁጥሩ የታወቀውን ነው። የአውሮፕላኑ ማንነት እስከ ጅራት ቁጥሩ ድረስ ይነገራል። የተመታው ግን ቁጥርም የለው።

ይህ የማየት ነገር ወደ ሌላ ሰው ይወስደኛል። ቪቶርዮ ሙሶሊኒ፣ የዱቼ ልጅ፣ በ1928 ዓ.ም. አገራችን ሲደበደብ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ነበር። ዕድሜው 19 ዓመት ነበር፤ የኛው እኩያ፣ እንዲያውም ከብዙዎቻችን ያነሰ። ተመልሶ በ1937 እ.ኤ.አ. ስለ በረራዎቹ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የተሰበሰቡ ፈረሰኞች መካከል የወደቀ ቦምብ ሲበትናቸው ያየውን ከአበባ መፈንዳት ጋር አመሳስሎታል። ዓለም ይህን ሲሰማ ዘገነነው፤ "አረመኔ!" ተባለ። በበኩሌ ግን ከአረመኔነቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሐቀኛነቱ ነው። ልጁ ያየውን ነው የጻፈው። ከላይ ሲታይ በእርግጥ አበባ ይመስል ይሆናል። ከዚያ ከፍታ ላይ ፈረሱ አይጮኽም፤ ሰውየው ስም የለውም፤ የሚታየው ቅርጽና እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ቅርጽና እንቅስቃሴ ደግሞ የውበት ጥሬ ዕቃ ናቸው። ጥፋቱ በዓይኑ ላይ አልነበረም። ያየው አበባ ምን እንደ ሆነ ወርዶ መጠየቅ ሲችል አለመጠየቁ ላይ ነው።

ሞዴሉ መስኮት ላይ ሲቀመጥ ተመልካቹን የት እንደሚያደርገው ልብ ብላችኋል? ከበላዩ ነው የሚያደርገው። ጀርባውን እናያለን፤ ክንፉ ላይ ያለውን ኮከብ እናያለን። አብራሪው ራሱ እንኳ በማያየው ቦታ ሆነን እናየዋለን። ያ የኩርሙክ ማዶ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሆዱን ብቻ ያየውን ነገር ለእኛ ጀርባው ብቻ ተሰጠን።

እስቲ ለጊዜው የሞዴሉን ልክ አክብረን ምድሩን እንሥራለት፤ ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በአንድ ለሰባ ሁለት ልክ 1 ሜትር ከ72 የሚረዝም ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ከ4 ይሆናል፤ የጣት አንጓ ታክላለች። አምስት ሜትር ስፋት ያለው ጎጆ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ነው። 500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚበር አውሮፕላን ከዚህ ምድር 7 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከዶርማችን ሦስተኛ ፎቅ ወደ ግቢው እንደ ማየት ነው። አሁን ገበያ እንሥራ። ወርዱ 144 ሜትር፣ ርዝመቱም ያን ያህል የሆነ ገበያ በዚህ ልክ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ይሆናል፤ በአልጋዎቻችን መካከል ያለውን ወለል ይሞላዋል።

ገበያ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር፤ የሐውዜን ገበያ ቀን። የደርግ ሚጎችና ሄሊኮፕተሮች ለሰዓታት እየተመላለሱ ደበደቡት። የሞተው ሰው 1,800 ይደርሳል ተብሎ በብዛት ይጠቀሳል፤ ከዚያ በላይ የሚያደርሱትም አሉ። እነዚህን ሰዎች በሞዴሉ ልክ ሠርተን ራስጌና ግርጌ ብንደረድራቸው 43 ሜትር ይሄዳሉ። አውሮፕላኑ ስንዝር ነው፤ ሥራው 43 ሜትር። ልክ በ33ኛው ዓመት፣ ያው ሰኔ 15፣ በ2013 ዓ.ም. ከመቀሌ ብዙም በማትርቀው ቶጎጋ እንደገና በገበያ ቀን ቦምብ ወደቀ፤ መከላከያ "ዒላማዬ ታጣቂዎች ነበሩ" አለ፤ ከዚያ የተረፉት ስለ ገበያተኛ ተናገሩ። ስፔን ውስጥ ጌርኒካ በ1937 እ.ኤ.አ. የተመታችውም የገበያ ቀን፣ ሰኞ ነበር። ከላይ ለሚያይ ሰው ገበያ ምን ይመስላል? ብዙ ነጥብ አንድ ቦታ ተሰብስቦ። ከታች ለሚያየው ደግሞ ጨው፣ በርበሬ፣ የቤት እመቤት፣ የጠፋ በግ፣ የተጣሉ ወንድማማቾች የሚታረቁበት ቦታ ነው። በአንድ ለሰባ ሁለት ልክ የተጣሉ ወንድማማቾችን መሥራት የሚችል ሻጋታ የለም።

አሁን ግን የራሴን ክርክር የሚፈታተን ነገር ላምጣ፤ እሱም የሚገኘው እዚሁ አሶሳ ነው። በዚህ አካባቢ ሰው ስለ አውሮፕላን ሲያወራ ስሙን የሚጠራው ሱኮይን አይደለም፤ አንቶኖቭን ነው። አንቶኖቭ የጭነት አውሮፕላን ነው፤ ሆዱ ወፍራም፣ ለመግደል ያልተሠራ። በ1977 ዓ.ም. በሰፈራው ዘመን ሶቪየቶች አንቶኖቭ 12 አምጥተው ከሰሜን የተነሡ ሰፋሪዎች እንደ እህል ተጭነውበት ወደ አዲስ አበባ ተወስደዋል፤ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ምዕራቡ ቆላ። ከእነዚያ ሰፋሪዎች የተወለዱ ተማሪዎች በዚህ ግቢ አሉ። ለእነሱ ቤት አንቶኖቭ ማለት የትውልድ አገር የጠፋበት በር ነው። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ የሱዳን መንግሥት አንቶኖቭን ቦምብ ጣይ አድርጎታል፤ ቦምቡን ከኋላ በር እያንከባለሉ ይጥሉታል። በ1982 ዓ.ም. አሶሳ በጦርነት ስትናወጥ እዚህ ተጠልለው የነበሩት የኡዱክ ሰዎች ወደ መጡበት ሲመለሱ የተቀበላቸው ይኸው አውሮፕላን ነበር። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ በብሉ ናይል ጦርነቱ ሲያገረሽም ሰዎች በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ የሸሹት ከዚሁ ድምፅ ነው፤ በሆሞሻ ያለው ሸርቆሌ አልበቃ ብሎ ቶንጎና ባምባሲ መጠለያ የተሠራው ለእነሱ ነው። እንግዲህ ማጭዱም ሰው ያርዳል፤ ጭነት ማመላለሻውም መንደር ያቃጥላል። ቅርጽ ብቻውን ኃጢአተኛ ከሆነ አንቶኖቭ ጻድቅ በሆነ ነበር።

ይህን እቀበላለሁ። ስለዚህም "ሞዴሉ ይጣል" ከሚሉት ጋር አልተባበርኩም። ብረቱን መጸዳጃ ቤት ብንጥለው ሐውዜን አትነሣም፤ አንድ ልጅ ግን አጎቱ የሰጠውን ዕቃ ያጣል። የኔ ነገር የሚመለከተው ዕቃውን ሳይሆን አድናቆቱን ነው። አድናቆት ግማሽ መንገድ ሄዶ ቢቆም ዕዳ ያለበት ይመስለኛል። አንቶኖቭ ላይ የሠራነው በደል በዕቃው ላይ ሳይጻፍ ቀርቷል፤ በሱኮዩ ላይ ግን ተጽፏል፤ በክንፉ፣ በገንዳው፣ በአሥሩ ማንጠልጠያ። ማንበብ የሚችል ሰው ግማሹን ገጽ አንብቦ "ደስ ሲል!" ብሎ መዝጋት አይችልም።

ሙሉውን ገጽ ያነበቡ አሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. በቻድ በሚገኙ መጠለያዎች ከዳርፉር የሸሹ ልጆች እርሳስ ተሰጥቷቸው ያዩትን ሥለው ነበር፤ በመቶ የሚቆጠሩት ሥዕሎች ተሰብስበው ለዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እንደ ደጋፊ ማስረጃ ቀርበዋል። በሥዕሎቹ ውስጥ አውሮፕላን አለ፤ ሞዴል ሠሪ ቢያየው ይስቅበታል። ክንፉ ከጅራቱ አይመጣጠንም፤ ሰውየው ከቤቱ ይበልጣል፤ ቦምቡ ዛፍ ያህላል። ልክ የሚባል ነገር የለም። ነገር ግን ምድሩ አለ፤ ጎጆው አለ፤ የሚሮጥ ሰው አለ፤ የወደቀ ሰው አለ። ትክክለኛው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ለምስማሩ ቁጥር ወደ ሞዴሉ፣ ለአውሮፕላኑ ምንነት ወደ ልጁ ሥዕል እሄዳለሁ። ልጁ ሰውን ትልቅ አድርጎ የሣለው ልክ ስላላወቀ ብቻ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ይኖራል። ይሁን።

ከባለ አውሮፕላኑ የደረሰኝ ጠንካራ መልስ ግን ይኸኛው አልነበረም። "አንተ የምትለውን ብንሰማ አገር ያለ አየር ኃይል ትቅር?" አለኝ። ኢትዮጵያም እኮ በኤርትራው ጦርነት ጊዜ፣ በ1992 ዓ.ም. ሱኮይ 25 ገዝታለች። በሶማሊያ ወረራ ዘመን ኤፍ 5 ያበሩት ልጆች ባይኖሩ ምሥራቁ ምን ይሆን ነበር? ለገሠ ተፈራስ? እውነቱን ነው። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ የጠላት ሚጎችን በአየር ላይ ገጥመው ጥለዋል፤ ራሳቸውም ወድቀው 11 ዓመት ያህል ሶማሊያ ውስጥ ታስረዋል። እኔም ስማቸው ሲጠራ ደረቴ ይነፋል። ሆኖም በዚህ ታሪክ ውስጥ ደረቴን የሚነፋው ምኑ እንደ ሆነ ራሴን ስጠይቅ መልሱ አውሮፕላኑ አይደለም። ወደ ምድር መውደቃቸውና ምድሩ ላይ የሆነው ነው፤ እስሩ፣ ዓመታቱ፣ አለመክዳታቸው። አየር ኃይል ይኑር አይኑር የሚለው የአገር መከላከያ ጥያቄ ነው፤ "ይኑር" ብሎ መልሶ ሳለ እንኳ ሰው ይኑር ያለውን ነገር ሙሉ በሙሉ እያየ ሊለው ይችላል። ባለ አውሮፕላኑ በዚህ አልረካም። "አንተ ሂውማኒቲስ ነህ፣ ቀላል ነው ለአንተ" አለኝ። እሱ ኢንጂነሪንግ ነው፤ አውሮፕላን መሥራት ይፈልጋል፤ ይህች አገር ደግሞ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋታል። "ክንፍ ስትነድፍ ከክንፉ ሥር የሚሰካውን አብረህ ትነድፋለህ ወይ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ማንጠልጠያውን የሚያዝዝህ ሌላ ነው" አለ።

በዚህ መልሱ ላይ ብዙ ለማለት እፈልግ ነበር፤ ግን ስቴንስሉ አለቀብኝ፤ አዘጋጁም ቆሞ ይጠብቀኛል። ባለ አውሮፕላኑ ይህን ረቂቅ ከመታተሙ በፊት አንብቦታል፤ ሒሳቡ ላይ አንድ ስህተት ፈልጎ አጣ። ለሚቀጥለው እትም መልስ እንዲጽፍ ጠይቄዋለሁ፤ ሁለት ገጽ ይበቃኛል ብሏል፤ አንድ ተኩል እንዲሰጡት አዘጋጆቹን ለምኛለሁ። ከኩርሙክ ማዶ የመጣውንም ልጅ እንዲጽፍ ጠይቄው ነበር። "በአማርኛ አልችልም" አለ። በዐረብኛ ጻፈውና እንተርጉምልህ ስንለው "እስቲ አየዋለሁ" ብሏል።